ለፈረንጁ የተጻፈው ወረቀት

«ልጅዎ ለሟቹ ጽፎ የሰጠው ወረቀት ምን ይላል?»

ኢንስፔክተር ሚልካ ናት ፈለቀችን የጠየቀቻት። ልጇ ዱጉማ በብስክሌት መጠገኛው ደጃፍ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ አይታለች። ፈረንጁ አጣጥፎ ኪሱ ሲከትም አይታለች። ማንበብ ግን አትችልም። ወረቀቱም ከሟቹ ኪስ አልተገኘም።

ሟቹ ፈረንጅ ቶማስ ብቻውን በብስክሌት አገር የሚዞር ሰው ነበር። ዓርብ ጠዋት ከቺሮ ወጣ፤ ሂርና ሳይደርስ ቁልቁለቱ ላይ ሞቶ ተገኘ። የብስክሌቱ የኋላ ፍሬን አይዝም። ብስክሌቱን መጨረሻ ያየው ዱጉማ ታሰረ።

«ፍሬኑ እንዳልተሠራ ጽፌለታለሁ፣ እማ!» ይላል። ወረቀቱ ከሌለ ማን ያምነዋል?

ሚልካ ሟቹ ያደረበትን ፔንሲዮን ባለቤት ጀምበሩን ጠየቀች።

«ይኼ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ፍሬን ነካክቶ ገደለው፤ አለቀ!»

«እርስዎ ፍሬን ያውቃሉ?»

«እኔ አልጋ ነው የማከራየው።»

«እንግዲያው ስለ አልጋው ይንገሩኝ። አብሮት የወጣ ሰው አለ?»

«ሾፌሩ ዘይኑዲን አለ። ጫት ጭኖ ሲወጣ ፈረንጁም ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ።»

ዘይኑዲን ግን ካደ። «ወላሂ፣ ከግቢ ከወጣሁ ወዲህ አላየሁትም። ጫት ጭኜ ማን ዞሮ ያያል? ፀሐይ ከቀደመችኝ ይጠወልግብኛል።»

ቅዳሜ ከሰዓት ሚልካ ሁሉንም በፔንሲዮኑ ግቢ ሰበሰበች። ዱጉማም እጁ በካቴና ታስሮ መጣ። ፈለቀች የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች።

«የሟቹን ግራ መዳፍ ገመድ ልጦታል» አለች ሚልካ። «ፍሬን መዳፍ አይልጥም። ሰውዬው እየተጎተተ ነበር።»

ጀምበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደግሞ ተሸፍኖ ነው የተገኘው» አለች ሚልካ። « ዝናብ ሳይጥል ጆንያው እርጥብ ነበር። እዚህ አገር ጆንያ የሚያረጥበው ማነው?»

«ጫት የጫነ ነዋ» አለ ጀምበሩ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

«አገጩ በጨርቅ ታስሯል። በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ሙስሊም ሲሰግድ ወደሚዞርበት ወደ ቂብላ ዞሯል። ዱጉማ ጴንጤ ነው፤ ጀምበሩ፣ እርስዎ ደብረ አሰቦት ገዳምን የሚሳለሙ ሰው ነዎት። ዘይኑዲን፣ ለሞተ ሰው እንዲህ ያዘንክ ልጅ ወረቀቱን አልጣልከውም። አምጣው።»

ዘይኑዲን እያለቀሰ ከደረት ኪሱ አወጣ። «ወረቀቱን ሰጥቶኝ ወደ ተራራው ጠቆመ። ሽቅቡን ጎትተኝ ያለኝ መሰለኝ። ከመኪናው ኋላ ያሰርኩትን ገመድ ሰጠሁት፤ እጁ ላይ ጠመጠመው። የተራራው አናት ላይ ቆሜ ገመዱን ማስለቀቅ ነበረብኝ፤ ጫቱ አስቸኮለኝ፣ ረሳሁት። ቁልቁለቱ ላይ ወደቀ።»

«ለምን አላነበብከውም?»

«በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል ነው የተማርኩት። የአማርኛ ፊደል አላውቅም። አላውቅም ለማለት አፈርኩ። ከሞተ ወዲያ ደግሞ ማንን ላስነብብ?»

ሚልካ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «የኋላ ፍሬኑ አይሠራም። ዕቃው ቺሮ የለም። እባካችሁ፣ ቁልቁለቱን በመኪና አውርዱት።»

ካቴናው ተፈታ። ዱጉማ ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም። «በሁለቱም ፊደል መጻፍ ነበረብኝ» አለ።

«አንተ ምን አጠፋህ፣ ልጄ?» አለች ፈለቀች።

ዱጉማ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ግቢው በር ሄደ።

በሳምንቱ ፈለቀች የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። ዛሬ «ቁልቁለት» የሚለውን ቃል ጣቷን ሳታስከትል ታነባለች። ዘይኑዲን ተፈርዶበት እዚያው ቺሮ እስር ቤት ቀረ። ዱጉማ መጠገኛውን ዘግቶ ከቺሮ ሄደ።