ክፍል ያጣው እንግዳ

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው... ይህ ነገር በታላቅ እህቴ ላይ የደረሰው ዓይኔ እያየ ነው።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም። ቦታው እንግዳ ተቀባይ ሆኜ የምሠራበት ሆቴል፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ቢሮ።

እህቴ ፕሮግራመር ናት። የሆቴሉን ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋቱን፣ ፒኤችፒ በሚባል የኮድ ቋንቋ እየሠራች ነበር። ኮዱ ሁለት ሰንጠረዥ ይፈጥራል፤ አንዱ የክፍሎች፣ አንዱ የእንግዶች። ሁለቱን አስተሳስራቸዋለች። ክፍሉ ካልተመዘገበ እንግዳው አይገባም።

ኮዱን አስነሳችው። ሰንጠረዦቹ ተፈጠሩ። ሁለቱም ባዶ።

ወዲያው ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ክፍል 1 የለም። እንግዳው አልተመዘገበም።»

«ነካሽው እንዴ?» አልኳት።

«እጄ የት እንዳለ አታይም?»

እጆቿን አጣጥፋ ነበር...

«ክፍል 2 የለም።»

«ክፍል 3 የለም።»

የኔትወርክ ገመዱን መንጭቃ ነቀለችው።

«ክፍል 4 የለም።»

በየበሩ እየዞረ የሚያንኳኳ ሰው ይመስል ነበር። ሰባት ላይ ሲደርስ ግን አላለፈም።

«ክፍል 7 የለም... ክፍል 7 የለም... ክፍል 7 የለም...»

የሆቴሉ ባለቤት፣ አለቃችን፣ ብቅ አሉ። «ምነው ልጄ፣ ክፍሎቹን አስገቢያቸው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

የክፍሎቹ ዝርዝር ተዘጋጅቷል። አንዴ መጫን ብቻ ነበር የቀራት።

«ጋሼ...» አለች በሹክሹክታ። «ሰባት ቁጥር ማን አለ?»

«ልጄ ናት። አሟት ተኝታለች።»

እህቴ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «እንግዲያው አላስገባም።»

«ሥራሽን ታጫለሽ!»

«ልጣው!»

ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። በቦታው ሌላ መጣ።

«ደክሞኛል። አስገቢኝ።»

እኔ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። እሷ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ፣ «የራስህ ጉዳይ!» አለችው።

ሁለቱንም ሰንጠረዥ አጠፋች። ኮምፒውተሩንም አጠፋችው።

ሦስታችንም እየሮጥን ወደ ላይ፣ ወደ ሰባት ቁጥር ወጣን። ልጅቷ ደህና ናት፤ ተኝታለች። እፎይ ብለን ከክፍሉ ወጣን...

ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ሁልጊዜ ባዶ ግድግዳ በነበረበት... በር አለ።

ቁጥር የለውም።

እጀታው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ።

አለቃችን ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። እህቴ ሄዳ በሩ ፊት ተገተረች።

«ክፍል የለም ብያለሁ!»

እጀታው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ከዚያ ከበሩ ኋላ... ከባድ ሻንጣ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ሰማን።

ወንበር ተሳበ።

አንድ ሰው በረጅሙ ተንፍሶ፣ ክፍል እስኪገኝለት እንደሚጠብቅ እንግዳ ተቀመጠ።