የጋሽ ነገሬ ጉንፋን

ፒያኖ ነው የወጣው።

ፅዮን የጆሮ ማዳመጫውን ነቅላ መልሳ ሰካችውና እንደገና አስጀመረችው። አሁንም ፒያኖ። ዜማው ያው የሐሙሱ ዜማ ነው፤ ድምፁ ግን ላፕቶፑ ሲገዛ አብሮት የመጣ የሚመስል፣ የማንም ያልሆነ ደረቅ ፒያኖ።

«ቀዳማዊ፣ ጉንፋኑ የታለ?»

«የምን ጉንፋን?» አለ ቀዳማዊ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

«የጋሽ ነገሬ ነዋ! ሐሙስ የቀዳነው!»

ጉንፋን ያለችው በሽታውን አይደለም። ጋሽ ነገሬ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ አለፍ ብሎ ባለው ቸርች አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ኪቦርድ መትተዋል። በነዚያ ዓመታት የኪቦርዱን ድምፆች አንዱን ከሌላው እያዳቀሉ፣ እየቀነሱና እየጨመሩ አንድ የራሳቸው ድምፅ ሠርተው እዚያው ኪቦርዱ ውስጥ አስቀምጠዋል። ሐሳባቸው ዋሽንት ለማድረግ ነበር። የወጣው ግን ትንሽ የሻከረ፣ ትንፋሹ የሚሰማ፣ ብርድ የመታው ዋሽንት ሆነ። መዘምራኑ ሲቀልዱ «ጉንፋን» አሉት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ፅዮን ግን ያ ድምፅ ሲጀምር ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል። ኪቦርድ ልማር ብላ እግራቸው ሥር የተቀመጠችውም በሱ ምክንያት ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ኪቦርዱ ተጭኖ ወለንኮሚ አካባቢ ወዳለች አዲስ አጥቢያ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ጋሽ ነገሬ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተው ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርጉታል። ቅኝቱን እንደ ራሳቸው ጆሮ አዛንፈውታልና ገና የሚማሩ ልጆች በዚያ እንዲጀምሩ አይፈልጉም። «ጉንፋኔ እዚህ ቢቀርልኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር» ቢሉ ጊዜ፣ ፅዮንና የሰፈሯ ልጅ ቀዳማዊ «በላፕቶፕ እንቀዳዋለን» አሉ። «ይሄማ ለኔ ጨዋታ ነው» ያለው ቀዳማዊ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ነገሬ ሪህ የያዘውን ጣታቸውን እያሻሹ ራሳቸው የደረሱትን መዝሙር አምስት ደቂቃ መቱ። ሲጨርሱ «ከእንግዲህ በቃኝ፤ ይሄ ጣት አልታዘዝ ብሎኛል» አሉ። «ተቀዳ?» ብለው ሲጠይቁ ፅዮን በመዘምራኑ ሁሉ ፊት «አዎ፣ ተቀድቷል!» አለች። ተጨበጨበላት። አዳምጣው ግን አልነበረም።

«ኬብሉን ሰክተናል፣ የመቅጃውን ቀይ ምልክት ነክተናል፣ ስክሪኑ ላይ እነዚህ እንጨቶች ሲደረደሩ አይተናል» አለ ቀዳማዊ ተነስቶ እየመጣ። «ሌላ ምን ይደረግ?»

እንጨት የሚላቸው አጫጭርና ረጃጅም መስመሮች ናቸው። ፅዮን አንዱን በማውስ ይዛ ወደ ላይ ጎተተችው፤ ድምፁ ቀጠነ። ወደ ታች ስትጎትተው ወፈረ። ከዝርዝሩ ትራምፔት መረጠች፤ የጋሽ ነገሬ መዝሙር እንደ ሰልፍ ማርሽ ተነፋ። ከበሮ ስትመርጥ ደግሞ ዜማው ዱብ ዱብ ሆነ። ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ክው አለች።

«ቀዳማዊ፣ ይሄ እኮ ድምፅ አይደለም! ኮምፒውተሩ ምንም አልሰማም። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ብቻ ነው የጻፈው። የቀዳነው እጃቸውን ነው።»

ቀዳማዊ ራሱን አከከ። «እሺ፣ አታካብጂው» አለና ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረው። ከዝርዝሩ ዋሽንት ፈልጎ መረጠ፣ ገደል ማሚቶ ጨመረበት፣ ትንሽ አሻከረው። «ስሚ አሁን።»

ሰማች። ያምራል። እንዲያውም ከጉንፋኑ ይልቅ ጥርት ያለ ነው።

«ማንም አይለየውም» አለ። «የጋሼም ጆሮ ደከም ብሏል። ሼም ከሚይዝሽ ይሄ አይሻልም? ያን ሁሉ ጭብጨባ ተቀብለሽ አሁን አልተቀዳም ልትያቸው ነው?»

አይ ጭብጨባ! ደግሞስ እነዚያን ጣቶች እያየች እንደገና ይምቱልኝ በምን አፏ ትላለች? ስክሪኑ ላይ ስታፈጥ ግን አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ አላት። ይሄ ፕሮግራም የራሱን ዋሽንት «ይሄን ንካ፣ ይሄን ልቀቅ» ብሎ ካዘዘ፣ ኪቦርዱንስ ለምን አያዘውም? ሐሙስ የተጠቀሙበትን ኬብል ከቦርሳው አወጣችው። ወደ ኪቦርዱ የሚገቡ ሁለት ክብ ጫፎች አሉት። ሐሙስ የሰኩት አንዱን ብቻ ነበር፤ ሌላው ሥራ ፈትቶ ተንጠልጥሎ ነው የዋለው።

«ይሄ ሁለተኛው ጫፍ ለምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ትርፍ ይሆናላ።»

«ማን ነው ለትርፍ ብሎ የሚሠራው? አንዱ ከኪቦርዱ የሚያመጣ ከሆነ፣ ሌላው ወደ ኪቦርዱ የሚወስድ ይሆናል።» ሰዓቷን አየች። አምስት ከሩብ። «ላፕቶፑን ያዝ። ያን የስፒከሩን ገመድም አምጣው፤ በሁለቱም በኩል ጃክ ያለውን።»

ታክሲው ደግሞ የዛሬን በየፌርማታው ሊቆም የማለ ይመስል ነበር። ቀዳማዊ በጆሮዋ አንሾካሾከ፤ «ለመጠባበቂያ ቅጂውን ልድገመው በያቸው። ከሠራ ሠራ፤ ካልሠራ ዋሽንቱን እንሰጣቸዋለን። አለቀ።» ፅዮን ዓይኗን ከሰዓቷ አልነቀለችም። ሐሳቡ ግን ሳይጥማት አልቀረም።

ሲደርሱ መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ሾፌሩ ማሙሽ ተደግፎት ስልክ ያወራል። ውስጥ ጋሽ ነገሬ ኪቦርዱን በጨርቅ ወልውለው ጨርሰዋል። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዷል፣ ጣታቸው ትንሿ ቁልፍ ላይ ነው።

«ኢንተላ ኮ!» አሉ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «በጊዜ ደረስሽ። ይቺን አንዴ ስነካት ሁሉም ይጠፋል።»

«ጋሽዬ፣ እንትን...» አለች። ለመጠባበቂያ የምትለዋ ቃል ምላሷ ላይ ነበረች።

«የሐሙሱ እንደሆነ ተቀድቷል። አንቺ ካልሽ ለኔ ይበቃኛል።»

ምነው ባላሉ!

«አይንኩት! አልተቀዳም።»

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ድምፁ አልተቀዳም ጋሽዬ። የተቀዳው የትኛውን ቁልፍ እንደነኩ ብቻ ነው። ሐሙስ ተቀድቷል ያልኩት ሳልሰማው ነው።»

ጋሽ ነገሬ መነጽራቸውን አወለቁ። ሲቆጡ አይጮኹም፤ የሚከፋውም እሱ ነው። «ጣቴ እንዴት እንደሚያደርገኝ እያየሽ?»

«እያየሁ» አለች ፅዮን። ዕንባዋ መጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ» አለ ቀዳማዊ ከኋላዋ። «አውቃለሁ ብዬ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚቀዳ የሚያሳየውን ቪዲዮ ግማሹን ነው ያየሁት፤ ዳታዬ አለቀብኝ።»

የሽማግሌው ከንፈር ሳይወዱ ፈገግ ሊል ዳዳው። «ታዲያ አሁን ምን ይሁን ትያለሽ?»

«አንድ ነገር ልሞክር። ይሠራ አይሠራ ግን አላውቅም።»

ሁለቱንም ክብ ጫፎች ከኪቦርዱ ጀርባ ሰካች። ቀዳማዊ ፕሮግራሙ ውስጥ ሲያስስ ቆይቶ ትእዛዙ ወደ ኪቦርዱ እንዲሄድ አደረገ። ፅዮን አስጀመረችው።

ጉንፋኑ ጀመረ! ቁልፎቹ አልተነቃነቁም፣ የጋሽ ነገሬም እጅ ጉልበታቸው ላይ ነው፤ መዝሙሩ ግን ከነሻካራ ትንፋሹ፣ ሐሙስ ጣታቸው ያመነታበት ቦታ እንኳ ሳይቀር፣ ከኪቦርዱ ይወጣል።

«በኢየሱስ ስም!» ብለው ጋሽ ነገሬ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተመለሱና ጆሯቸውን አስጠጉ። «ይሄ እኮ የኔ የእጄ አመታት ነው። አያችሁ? እዚህ ጋ ሁልጊዜ እዘገያለሁ።» ቁጣቸው ወዴት እንደሄደ እንጃ። ፅዮን በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

ግን ገና መጫወቱ ነው እንጂ መቅዳቱ አይደለም። የስፒከሩን ገመድ ከኪቦርዱ የማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ዘረጉት። ገመዱ ሲገባ የኪቦርዱ ድምፅ ከክፍሉ ጠፋ። መዝሙሩ በሽቦው ውስጥ ብቻ ሊያልፍ ነው። ቀዳማዊ ቀዩን ነክቶ መዝሙሩን ከመጀመሪያው አስጀመረ፤ አሁን ስክሪኑ ላይ የመጣው እንጨት ሳይሆን ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ነው። አምስት ደቂቃ ሙሉ ሦስቱም ማዕበሉን ሲያዩ ቆዩ። ውጭ ማሙሽ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ።

«ገባ! አቦ ጨረስን!» አለ ቀዳማዊ። «ማዕበሉን አየሽው? ነፍ ነው!»

ማሙሽ በበሩ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ እኮ! ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው።»

«እሺ፣ እሺ።» ጋሽ ነገሬ ጣታቸውን ወደ ትንሿ ቁልፍ መለሱና ወደ ፅዮን ዞሩ። «ላጥፋው?»

ፅዮን ማዕበሉን አየች። ያምራል። ሐሙስም ስክሪኑ ያምር ነበር።

«ይቆዩ ጋሽዬ። መጀመሪያ ልስማው።»

«መግቢያዋን ሰማ አርጊያትና እንጫን በቃ» አለ ማሙሽ።

«አይሆንም። እስከ መጨረሻው ነው የምሰማው።»

የምትሰማው ላፕቶፑ ውስጥ የቀረውን ብቻ እንዲሆን ገመዶቹን ሁሉ ከኪቦርዱ ነቀለች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አስጀመረችው። ጋሽ ነገሬ ጣታቸውን ከቁልፏ አንስተው ፊቷን እያዩ ጠበቁ።