ያልሰገዱት ሁለት ሰዎች

እኔ እንኳን ላምን፣ ስለ መንፈስና ስለ ሟች ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ። እዚህ ውጭ አገር፣ ሴንት ጄምስ ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ ጎረቤቴ አንድ ቀን "ሊፍታችን ውስጥ የሞተች ሴትዮ ትታያለች" ስትለኝ፣ "እንግዲህ ሊፍቱን ስትጠብቅ ሞታ ይሆናላ" ብዬ አሹፌባታለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ የራሴው ጉድ የመጣው በበረዶ፣ በየካቲት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ ነው።

ሥራዬ የስልክ አስተርጓሚነት ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሄድሴቴን ሰክቼ፣ እንግሊዝኛ የማይችል የአገሬ ሰው ሐኪም ቤት ሲገባ እኔ ምላሱ እሆንለታለሁ። ከራሳችን አንጨምርም፣ አንቀንስም፣ ደግሞ "እሳቸው አሞኛል ይላሉ" አንልም፣ ልክ እንደ ባለቤቱ ሆነን "አሞኛል" ነው የምንለው። በዚህ ሥራ ስንት ጊዜ እንዳረገዝኩ፣ ስንት ጊዜ ኩላሊቴ እንደደከመ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ ነው፣ ባለቤቴ ደረጀ ሌሊቱን ሺፍት ገብቶ ስላደረ መኝታ ቤት ተኝቷል፣ ስልኩ ጠራ። ከአንድ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ናት። "ቤተሰብ የሌላቸው ሽማግሌ አሉን፣ አንጀታቸው ታጥፏል፣ ዛሬ ኦፕሬሽን ካልተደረጉ ነገን አያዩም፣ እሳቸው ግን አልሄድም ብለው የአልጋውን ብረት ጨብጠዋል፣ ምን እንደሚሉ ጠይቂልኝ" አለችኝ።

"አባባ፣ እንደምን ዋሉ? አስተርጓሚ ነኝ" አልኳቸው።

መጀመሪያ የሰማሁት ነፋስ ነው፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚነፍሰው ዓይነት፣ ጆሮ የሚበሳ። ነርሷን መስኮት ተከፍቶ እንደሆነ ብጠይቃት፣ "የእኛ መስኮት አይከፈትም፣ ክፍሉም ጸጥ ያለ ነው" አለችኝ። መስመሩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ድምፃቸው መጣ፣ ቀጭን ነው፣ ግን ማዘዝ የለመደ። "አንቺ ልጅ፣ ያልኩሽን ሁሉ ትነግሪያታለሽ?"

"አዎ አባባ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።"

"እንግዲያስ ንገሪያት። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ እዚህ አምባ ላይ ነኝ። አባቴ ሞቷል፣ ሞቱን ደብቀውታል። ወንድሜ ዙፋኑን ይዟል፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ግን አይጸናለትም። አሁን ውረድ፣ ትነግሣለህ ይሉኛል። ሁለት ወንድሞቼን እንዲሁ ብለው አውርደዋቸዋል፣ አንዳቸውም ከተማ አልገቡም። ወንድሜ ሊያስገድለኝ ነው።"

ትምህርት ቤት የተማርነው ትዝ አለኝ። የድሮ ነገሥታት ዙፋን እንዳይሻሟቸው ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን አምባ ላይ ያስሩ ነበር፣ ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከታሰሩት አንዱን መርጠው ያወርዳሉ። ሰውዬው የታሪክ መምህር የነበሩ ይሆናሉ፣ አሁን አእምሯቸው ደክሞ ነው ብዬ ገመትኩና አንጀቴን በሉት። ሕግ ግን ሕግ ነው፣ እንደ ባለቤቱ ሆኜ ተረጎምኩ፣ "ወንድሜ ሊያስገድለኝ ነው" አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብዬ፣ በገዛ ሳሎኔ።

ደረጀ በፒጃማው ብቅ አለ። "ማነው የሚያስገድልሽ?"

"ሥራ ነው፣ ሂድ ተኛ።"

"ወንድምሽ እንኳን ሰው ዝንብም አይገድል!" ብሎ ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያየው ተወውና በሩን ተደግፎ ቆመ።

ነርሷ ቀጠለች። "እባክሽ ንገሪልኝ፣ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ነው ወደ ታች የሚያወርዷቸው፣ ዶክተሩ ታች እየጠበቀ ነው።" ነገርኳቸው። ያኔ ከነፋሱ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ በበቅሎ አንገት ላይ የሚታሰር ቃጭል፣ ቀጥሎ የእንስሳ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ብረት ከድንጋይ ሲጋጭ።

"ሁለቱ መጡ" አሉኝ በሹክሹክታ። "በሩ ላይ ቆመዋል። አንቺ ልጅ፣ ሊያነግሥ የመጣ ሰው አስቀድሞ መሬት ወድቆ ይሰግዳል። እነዚህ አልሰገዱም።"

አልጋ የሚገፉት ሠራተኞች ደረሱ ማለት ነው አልኩ በልቤ። ይህንኑ ልተረጉም ስል ነርሷ "አንድ ጊዜ ያዢልኝ፣ ዶክተሩ ይፈልገኛል" ብላ ወጣች፣ ከሽማግሌው ጋር ብቻችንን ቀረን።

"ማይልኝ" አሉኝ። "ለክፉ ካልመጡ ማይልኝ።"

አስተርጓሚ አይምልም። እኔ ግን አባቴ አገር ቤት ሕክምና እምቢ ብሎ ሲሞት በስልክ ለምኜው አልሰማኝም ነበር፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኚህም እየሰማኋቸው በግትርነት ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩና፣ "ማርያምን! አባባ፣ ማርያምን፣ ሊያድኑዎት ነው የመጡት፣ አብረዋቸው ይሂዱ!" አልኳቸው።

"ባንቺ መሐላ" አሉ።

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ባዶ እግር ጠጠር ላይ ሲረግጥ፣ እመኑኝ ጠጠር ነው፣ ከዚያ ቃጭሉ ወደ ታች እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ነፋሱ ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ "እግዜር ይስጥሽ፣ እኛንስ እምቢ ብሎን ነበር" አለኝ።

ነርሷ ተመለሰች። "ይቅርታ ንገሪልኝ፣ የሚያወርዷቸው ሰዎች ገና ናቸው፣ ሩብ ሰዓት ይቆያሉ..." ብላ ቃሏን ሳትጨርስ ጮኸች። ሰዎች ሲሯሯጡ፣ ማሽን ሲጮህ ይሰማኛል። በኋላ አንድ ሰው ስልኩን አንስቶ አመሰገነኝና ሽማግሌው አልጋቸው ላይ እንዳሉ ማረፋቸውን ነገረኝ።

ሄድሴቱን አወለቅኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ ታመዋል፣ ልባቸው ቆመ፣ ሌላ ምን ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ደረጀ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ኮሪደራችንን እያየ፣ "አሁን እግዜር ይስጥሽ ያለሽ ሰውዬ ማነው?" አለኝ።

ድምፁ የመጣው በሄድሴቱ፣ በእኔ ጆሮ ብቻ ነበር። የውጭውን በር ደግሞ እስኪነጋ ሁለታችንም አልከፈትነውም።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። "ልጄ፣ ለበጎ ብለሽ ነው የማልሽው" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። እፈራለሁ፣ አልዋሻችሁም፣ ግን የሚያስፈራኝ ያ ድምፅ ተመልሶ ይመጣል ብዬ አይደለም። ሽማግሌው ሁለቱን አይተው አውቀዋቸው ነበር፣ የአልጋውን ብረት ጨብጠው አልወርድም ብለዋቸው ነበር፣ ከአልጋው ላይ እጃቸውን ያስለቀቅኩት እኔ ነኝ።