በሞተሩ አፍ የቀረው ጨርቅ

የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ ነብዩ የሰጠው ቃል እንዲህ ይላል፦ መካኒኩ ሱለይማን ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባውን አዲስ ማኒፎልድ ገጥሞ ጨረሰ፤ ከፒክአፑ ፊት ቆሞ፣ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ለማስነሣት ሞተሪኖውን በካቻቢቴ ነካ፤ ሞተሩ አጓርቶ ተነሣ፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ ስለነበር ዘልሎ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። የፒክአፑ ባለቤት የለሜሳ ቃል ደግሞ ሌላ ነው፦ ከጋራዡ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ነብዩ «ድረሱልኝ» እስኪል ድረስ የሞተር ድምፅ የሚባል አልሰማም።

ኢንስፔክተር ለተማርያም ሁለቱን ቃሎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ዓይኖቿን አሸች። አሶሳ ከተመደበች ወዲህ እረፍት አልወጣችም። አለቃዋ ነገሩን የሥራ ላይ አደጋ ብላ እንድትዘጋው በስልክ ነግሯታል፤ አንድ ፊርማ ይበቃ ነበር። ያልፈረመችው በሟቹ ሚስት በዓኢሻ ምክንያት ነው። ዓኢሻ ከቀብር መልስ ጣቢያ ድረስ መጥታ ነበር።

«እኔ ሚስቱ ነው» አለቻት፤ አማርኛ አፍ መፍቻዋ አይደለም። «ሰው ሁሉ ሱለይማን በገዛ እጁ ስሕተት ሞተ ይላል። ወላሂ፣ ማርሹን ሳያይ ሞተር አይነካም። እሱን አትመልሽልኝም፤ ስሙን መልሽልኝ።»

ጋራዡ ቁልቁለት ላይ ነው። ፒክአፑ አፍንጫውን ወደ ታችኛው ግድግዳ እንዳዞረ ቆሟል። ለሜሳ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጠበቃት። ከባምባሲ የመጣ፣ ሸርቆሌ ድረስ ሰው የሚጭን ጎልማሳ ነው። አዲሱን ማኒፎልድ ገዝቶ ያመጣው እሱ ነበር፤ ኦሪጅናል ስላልሆነ ቀዳዳው ከሞተሩ አልገጥም ብሎ ሱለይማን ሲሞርደው ዋለ።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው።

«ተጣልተናል። ተሳፋሪ እየጠበቀኝ አንተ ብረት ታሻሻለህ አልኩት። እሱም ‹መኪናህ ከአንተ ይሻላል፤ ቢያንስ ዝም ይላል› አለኝ። እየሳቅን ነው የተለያየነው።»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«እሱማ ከሞተ ቆይቷል። ሱለይማን ጎማው ሥር ድንጋይ ሳያደርግ አይጀምርም።»

ለተማርያም ጎማዎቹን ዞራ አየች። ድንጋይ የለም።

ነብዩ ከላይ በኩል ከዳሱ ሥር የተጣመመ ፓራፋንጎ፣ የጎማ ጭቃ መከላከያ፣ እየቀጠቀጠ ነበር። ስለ እጅ ፍሬኑ ስትጠይቀው መዶሻውን አላስቀመጠም።

«የእጅ ፍሬኑ የሚይዝ መስሎኝ ነበር» አላት። «እኔ ቆርቆሮ እንጂ ሞተር አላውቅም፣ እትዬ።»

ወደ ፒክአፑ ተመለሰችና ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አለች። ማኒፎልዱ ከሞተሩ በተጋጠመበት ቀጭን መስመር ላይ ቀይ ክር ብቅ ብሏል። አልነካችውም። ዓኢሻ ቤት ሄዳ ስለ ቀዩ ክር ጠየቀቻት።

«አሮጌ ቶቤ ነው፣ የምከናነበው» አለች ዓኢሻ። «ማኒፎልድ ሲያወልቅ ቡሎን እንዳይገባ ቀዳዳውን ሁሉ ይወትፋል። ጫፉን ግን ውጭ ይተወዋል፣ እንደ ምላስ፤ እንዳይረሳው።»

በማግስቱ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ከዓኢሻ ጋር የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ዐብዱልቃድር መጥተዋል። ከሌላ ጋራዥ የተጠራ መካኒክ ማኒፎልዱን ፈታ። አራቱም ቀዳዳዎች በቀይ ጨርቅ እንደተወተፉ ነበሩ። ጫፎቹ ወደ ውስጥ ተጎስጉሰዋል።

«አየር የማይገባው ሞተር አያጓራም» አለች ለተማርያም በደከመ ድምፅ። «ስለዚህ ለሜሳ ያልሰማው የሞተር ድምፅ ስላልነበረ ነው። ሱለይማን ከመኪናው ፊት ቆሞ ገና እየሞረደ ነበር እንጂ አልጨረሰም። ማኒፎልዱን ያሰረው ከእሱ ሞት በኋላ ሌላ ሰው ነው፤ ጨርቁን ማውጣት እንዳለበት የማያውቅ ሰው፤ የጨርቁ ምላሶች መንገድ ሲዘጉበት ወደ ውስጥ የጎሰጎሰ።»

ወደ ዳሱ ሄዳ ፓራፋንጎውን አነሣች። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ አንዱ ጎኑ ላይ የጎማ ጥቁር ፈለግ ታትሟል።

«ቆርቆሮ የምትቀጠቅጥበት ፈልገህ ነው?»

ነብዩ ለመጀመሪያ ጊዜ መዶሻውን አስቀመጠ። «ጠፍጣፋ ነበር» አለ። «ፍሬኑ የያዘው መሰለኝ። ድንጋዩን ይዤ ሦስት እርምጃ እንኳ ሳልሄድ መኪናው ተንከባሎ አጣበቀው። መኪናውን ገፋሁት፣ ብቻዬን አልመለስ አለኝ። ትንፋሹ ሲቆም... ፈራሁ። ማርሽ አስገባሁ። ያንን ብረት አሰርኩ። ከዚያ ነው የጮኽኩት።»

«ጠባችንን አውርተህ ለእኔም ማረሚያ ቤት አስበህልኝ ነበር» አለ ለሜሳ።

ሼህ ዐብዱልቃድር ጉሮሯቸውን ጠራርገው ልጁ ሆን ብሎ እንዳላደረገው፣ ነገሩ በሽምግልና ቢያልቅ እንደሚሻል ተናገሩ። ለተማርያም የሕጉ መንገድ እንደማይቀር ነገረቻቸው፤ ይቅርታ ግን የዓኢሻ ነው አለች። ዓይኖች ሁሉ ወደ ዓኢሻ ዞሩ።

ዓኢሻ ቀዩን ጨርቅ አንድ በአንድ ከሞተሩ አፍ አወጣችና በመዳፏ ጨበጠችው።

«ሽምግልና እኔ እምቢ አይልም» አለች። «መጀመሪያ ግን ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ሰው እየሰማ፣ ‹ሱለይማን አልተሳሳተም፤ ድንጋዩን ያነሣሁት እኔ ነኝ› ይበል። ይህን ያለ ቀን ሽማግሌ ይዞ ይምጣ፤ በሩን ራሴ እከፍትለታለሁ።»