የሠርኬ ፓምፕ

ነጋዴው ዱባለ እሑድ ጠዋት በገዛ ካሚዮኑ ኋላና በድንጋይ አጥር መካከል ተጣብቆ ሞቶ ተገኘ። ዘመኑ 1956 ዓ.ም. ነው። ከመሳለሚያ ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት የሚኖር ሰው ሁሉ ሬሳው ሳይነሣ ፈርዶ ጨርሶ ነበር፤ ጥፋቱ የመካኒኳ የሠርኬ ነው። ሴት የጠገነችው ሞተር ከዚህ ሌላ ምን ያመጣል? አፍ ሲፈርድ ቀጠሮ አይሰጥም።

ሠርኬ ካሚዮኑን ቅዳሜ ከጋራዧ በር ፊት ለፊት፣ ከቁልቁለቱ አናት ላይ እንደቆመ ጠግና እዚያው ትታው ነበር። አሥር አለቃ ወርቁ በአንድ ሰዓት ውስጥ እሷን ጣቢያ አስገባ፣ ጋራዧን በጓጉንቸር ዘጋ፣ ካሚዮኑንም በዘብ አስጠበቀ። ከአባቷ ከወረሰችው ከዚያ ጋራዥ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ሰኞ ጉዳዩ ለሻምበል ኪዳነ ማርያም ተሰጠ። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲናገር ዓይኑን የማይነቅል መርማሪ ነው። መጀመሪያ የዱባለን ሾፌር ጥጋቡን ጠየቀ።

«ጋሼ ዱባለ ሞክረው አሉኝ» አለ ጥጋቡ። «አስነሣሁና እስኪሞቅ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ። በሠፈሩ ዞሬ ስመለስ፣ ዳገቱን ወጥቼ ልጨርስ ስል ሞተሩ ዘይት አጥቶ ነከሰና ቀጥ አለ። ፍሬኑ አልያዘልኝም፤ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ጋሼ ከኋላ ነበሩ።»

«ዘይት ለምን አጣ?»

«ፓምፑን የሠራችው እሷ ናታ።»

ቀጥሎ የመጣው ባለ ጋራዡ ጎረቤት ቦጋለ ነው። ዱባለ ካሚዮኑን ከእሱ ወስዶ ለሠርኬ ከሰጠ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ አልነበራቸውም።

«ሞተሩ ሲጮህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። «ፓምፕ በቅቤ የሚሠራ መካኒክ የት አለ? ሞተር ነው ወይስ የሙሽራ ጠጉር?»

ሠርኬ ጣቢያ ውስጥ በዘይት የጠቆረ ቱታዋን እንደለበሰች ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፤ የማልቀስ አሳብም የላትም።

«ይህ የቅቤ ነገር ምንድን ነው?» አላት ሻምበሉ።

«ፓምፑ ሁለት ባለ ጥርስ ብረት ነው። እየተሽከረከሩ ዘይቱን ከገንዳው ይስቡና ወደ ሞተሩ ይገፋሉ። ተፈትቶ ሲገጠም ግን ደረቅ ነው፤ ደረቅ ጥርስ አየር እንጂ ዘይት አይስብም። ስለዚህ ለስላሳ ነገር ይሞላበታል። ሌላው ግሪስ ይሞላል። አባቴ ለጋ ቅቤ ነበር የሚሞላው፣ እኔም እንደዚያው። የሚስቅ ይሳቅ።»

«ሞተሩ ሲነሣስ?»

«ቅቤው ተገፍቶ ይወጣና ቀልጦ ከዘይቱ ጋር ይጠፋል። ደቂቃም አይቆይ።»

«አስነሥተውት ነበር?»

«ባለቤቱ ሳይኖር አላስነሣም። የዘይቱን መለኪያ በዓይኑ ማየት አለበት። ለሰኞ ቀጥሬያቸው ነበር።»

«ዛሬ ሞተሩን በእጅ ጥቂት ነቅነቅ ባደርገው ያለ ችግር ተንቀሳቀሰ። የነከሰ አይመስልም።»

«እሱ አይመሰክርልኝም» አለች ሠርኬ። «የነከሰ ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚላቀቅበት ጊዜ አለ። በማይሆን ማስረጃ አልወጣም።»

ሻምበሉ ፈገግ አለ። ያገኘችውን መውጫ በገዛ እጇ የምትዘጋ ተጠርጣሪ አጋጥሞት አያውቅም።

«አሮጌው ፓምፕ ምን ሆኖ ነበር?»

«ጥርሱ ተበልቷል። የበላው ቆሻሻ ዘይት ነው፤ ጥጋቡ ዓመት ሙሉ አልቀየረውም። ቅዳሜ ለጋሼ ዱባለ እሱ ባለበት አሳየኋቸው። ሰኞ የካሚዮኑን ቁልፍ ታስረክበኛለህ አሉት።»

«እንግዲያው የገጠሙት ፓምፕ ይፈታ።»

«ይፈታ። ግን በጓዳ አይደለም፤ የፈረዱብኝ ሰዎች ባሉበት።»

ማክሰኞ ጠዋት የሠፈሩ ሰው ካሚዮኑን ከበበ። ሻምበሉ ጥጋቡን ቃሉን በሰው ፊት አስደገመው፤ አሥሩ ደቂቃ አልተቀነሰችም። ከዚያ መፍቻውን ለቦጋለ ዘረጋለት።

«እርስዎ ይፍቱት።»

«እኔ?»

«ለእሷ አድልተዋል የሚልዎት የለም።»

ቦጋለ ከሥር ገብቶ ዘይቱን አፈሰሰ፣ ገንዳውን አወረደ፣ ፓምፑን አውጥቶ ክዳኑን ከፈተ። በጥርሶቹ መካከል ለጋ ቅቤ ተጠቅጥቋል፤ የጠቀጠቀው አውራ ጣት ምልክት እንኳ አልጠፋበትም።

«አሥር ደቂቃ የሠራ ሞተር ውስጥ ይህ ቅቤ ይገኛል?» አለ ሻምበሉ።

«አይገኝም» አለ ቦጋለ።

«አንድ ደቂቃ በሠራስ?»

«በዚያም አይገኝም።»

«እንግዲህ ሞተሩ አልተነሣም። ያልተነሣ ሞተር ሠፈር አይዞርም፣ ዳገትም አይወጣም። ካሚዮኑ የተንሸራተተው ቅዳሜ ከቆመበት ቦታ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ዘብ አልተለየውም፣ ሠርኬም ጣቢያ ነበረች፤ ቅቤውን በኋላ የከተተው የለም። የእጅ ፍሬኑን የለቀቀውስ ማን ነው? መሪው ላይ ነበርሁ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሰኞ ቁልፉን የሚነጠቀውም እሱ ነው። ጋሼ ቦጋለ፣ የሰሙት ጩኸትስ?»

ቦጋለ መሬት መሬት እያየ «አልሰማሁም» አለ። «ጋራዧ ተዘግቶ እንዲቀር ብዬ ነው።»

«አንተስ፣» አለ ሻምበሉ ወደ ጥጋቡ ዞሮ፣ «ሴት የሠራችው ነው ካልሁ ማንም ከፍቶ አያይም ብለህ ነው። ልክ ነበርህ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አላየም።»

ጥጋቡ ያን ጊዜ ፈነዳ። «አሥራ አንድ ዓመት ነድቼዋለሁ። እሑድ ዱባለ ሊያየው ሲመጣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እንቢ ብሎኝ የኋላውን ጎማ ሊያይ ዞረ። በአንዲት ሴት ቃል ከመሪ ልወርድ ኖሯል?» ዘቡ እጁን ያዘው።

ሻምበሉ የጓጉንቸሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለሠርኬ ዘረጋላት። እጇን ወደ ኋላ አጣመረች።

«አልቀበልም፣ ጌታዬ። የዘጋው ሰው ይክፈተው። ሲዘጋ ቆመው ያዩት ሁሉ ሲከፈትም ቆመው ይዩ።»

ሻምበሉ ቁልፉን ወደ አሥር አለቃ ወርቁ አዞረ። አሥር አለቃው ተቀብሎ በሕዝቡ መካከል አልፎ ሄደና ከበሩ ሥር ጎንበስ አለ።