መጀመሪያ ፎቶዎቹ

ኮምፒውተሩ ለአራተኛ ጊዜ በራ፤ ለአራተኛ ጊዜም ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«አለቀለት በቃ?» አለች የቤቱ ልጅ ጥፍሯን እየበላች።

«ዝም በይ! ሐኪም ሥራ ላይ ነው» አለች ጓደኛዋ።

ሐኪም የሚሏት የልብ ጓደኛዋን ነው። ካከመቻቸው ሦስት ሬዲዮኖች ሁለቱ እጇ ላይ ሞተዋል፤ ስሙ ግን አብሯት ቀረ። ዛሬ ሁለት ፍላሽ ይዛ መጥታለች፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ሌላ ሲስተም የተጫነበት። የኮምፒውተሩ የራሱ ሲስተም እምቢ ቢልም፣ በፍላሹ አስነሥቶ ፋይሎቹን መገልበጥ ይቻላል።

«የአባቷን ፎቶዎች ብቻ አትርፊልኝ የኔ ልጅ» አሉ እናትየው። ባላቸው ካረፉ ዓመት አልሞላም።

«አዎ፣ ፎቶዎቹን ብቻ» አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ። «የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ጥናታችንማ ጠፍቷል፤ አትልፊ።»

እናቷ ዳቦ ግዢ ብለው ላኳት። ዞር ዞር እያለች ወጣች።

ኮምፒውተሩ በፍላሹ ተነሣ። የይለፍ ቃል የሚባል ነገር አልጠየቀም፤ ልጅቷ ግን የተማመነችው በእሱ ነበር። «ፎቶ» እና «ውድድር» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሐኪም እጇ አላስችል አላትና «ውድድር»ን ከፈተች። ጥናቱ አልጠፋም። እሷ ራሷ ሦስት ሳምንት ጠርሙስ ተሸክማ ከቧንቧ ቧንቧ እየዞረች የለካችው የውኃ ጥራት፣ ሠንጠረዡ ሳይቀር፣ እንዳለ አለ። ሽፋኑ ላይ ግን ያለው የጓደኛዋ ስም ብቻ ነው። የውድድሩ አዘጋጆች «ጥናትሽ ደርሶናል» ብለው የላኩት ደብዳቤም አለ፤ ኮምፒውተሩ ከመበላሸቱ ሁለት ቀን በፊት።

ጆሮዋ ጋለ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ እንዳታነሣው የራሷ ስልክ የላትም፤ የቤተሰቧ አንድ ስልክ ከራሷ እናት ጋ ቤት ቀርቷል። ልትገለብጠው ስትል ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። የተጎዳው ጥናቱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ብትታገለው ጨርሶ ሊሞት ይችላል፣ ከነፎቶዎቹ።

ከጓዳ የእናትየው ሳል ተሰማ።

ሐኪም ጥናቱን ዘጋችና ፎቶዎቹን መገልበጥ ጀመረች። አንድ በአንድ አለፉ፤ አባትየው ሲስቁ፣ አባትየው ሲላጩ፣ አባትየው ሁለቱን ሕፃናት በአንድ ብስክሌት ጭነው። ሲያልቁ ወደ ጥናቱ ተመለሰች። ዲስኩ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ።

ጓደኛዋ እያለከለከች ገባች። «ወጣ?»

«ፎቶዎቹ ወጥተዋል። ከዚያ ዲስኩ ሞተ።»

«ሌላ ምንም አልወጣም?»

«ምንም።»

ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ትከሻዋ ዝቅ አለ። ሐኪም ያንን ባታይ ይሻላት ነበር።

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» ብላ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች።

ሐኪም አልፋት ሄዳ ፎቶዎቹ ያሉበትን ፍላሽ እናትየው መዳፍ ላይ አኖረች። እሳቸው ምርቃቱን ሲያወርዱት አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። በሩ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሽፋኑን አይቼዋለሁ። የማሳየው ነገር የለኝም፤ ቢሆንም ነገ ጠዋት የሳይንስ መምህራችን ጋ እሄዳለሁ። ከመጣሽ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።»

መልሱን ሳትጠብቅ ደረጃውን ወረደች።