ዘሀራ የጻፈችው ውሸት

አሰላ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ባጃጅ የሚሰማራው በዘሀራ ደብተር ነበር። ሾፌሩ ከተራ ሲወጣ በቢሮዋ መስኮት የሚሄድበትን ይነግራታል፤ ትጽፋለች። በአርባ ደቂቃ ካልተመለሰ የቀሩት ሾፌሮች ተነስተው እተጻፈው ቦታ ሄደው ይፈልጉታል። በዚያ ክረምት ሁለት ሾፌሮች ከከተማ ውጭ ተደብድበው ባጃጃቸው ተወስዶባቸዋል። ስለዚህ ማታ ከከተማው የወጣ ሰው ከሥራ ይባረራል ተባለ። ደንቡን ያወጣው የሾፌሮቹ ሊቀመንበር ሙራድ ነው፤ የዘሀራ ታላቅ ወንድም። ሙራድ ደግሞ በሁለት ነገር አይቀልድም፤ በደንቡና በእህቱ።

ታዲያ ልብ ደንብ ያውቃል እንዴ? ዘሀራ ከዚያ ሁሉ ሾፌር መሃል አክመልን ወዳው ቁጭ አለች። «ሽማግሌ ልላክ» ካላት ሁለት ወሩ ነው። እሷ ግን ሙራድን እየፈራች «ትንሽ ታገሰኝ» ትለዋለች።

የዚያን ዕለት ጭጋጉ ከጭላሎ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ሁለት ወንዶች መጡ። አንዱ በጋቢ ተሸፋፍኖ መሬት መሬቱን ያያል። ሌላው፣ እናታቸው እንደታመመችባቸው፣ መንደራቸውም በሳጉሬ መንገድ ትንሽ ወጣ ብሎ እንደሆነ እየማለ ተናገረ።

አክመል ወደ ዘሀራ መስኮት ተጠጋ።

«እዚሁ ሆስፒታል ብለሽ ጻፊልኝ።»

«አብደሃል? ሰዎቹ አላማሩኝም።»

«የኔ እናት ብትሆንስ? እንዴት እንቢ እላለሁ?»

ተያዩ። እሷ ቀድማ ዓይኗን ሰበረች።

«ወላሂ ብትዘገይ አልምርህም።»

«አንቺ እያለሽ የት እቀራለሁ?» ብሎ ሳቀ።

ጻፈች፤ ሆስፒታል። የኋላ መብራቱ ጭጋጉ ውስጥ እስኪጠፋ በመስኮቱ አየችው።

አርባ ደቂቃው አለፈ። ስልኩ ተዘግቷል። «አሁን ይመጣል» እያለች ራሷን ስታታልል ሌላ ሃያ ደቂቃ አቃጠለች። ምን ታድርግ! ብትናገር እሱ ይባረራል፤ ፍቅራቸውም ይታወቃል።

ሙራድ መጣና ደብተሩን አየ።

«አክመል ሆስፒታል ሄዶ ነው እስካሁን? ተነሱ!»

ስድስት ባጃጆች ሞተር አስነሱ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሆስፒታሉ አዞሩ። ዘሀራ ሮጣ ወጥታ የሙራድ ባጃጅ ፊት ቆመች።

«እዚያ የለም! በሳጉሬ መንገድ ነው የሄደው። ውሸት ነው የጻፍኩት።»

«ምን?»

«እንዳታባርረው ብዬ ነው። እወደዋለሁ፣ ሙራድ። ግደለኝ ከፈለግህ፤ ብቻ ፍጠን!»

ሾፌሮቹ አንገታቸውን ደፉ። ሙራድ ፊቱ ጠቆረ። ጥፊ ስትጠብቅ፣

«ግቢ» አላት ጥርሱን ነክሶ፣ ወደ ባጃጁ እያመለከተ።

ከከተማው ወጥተው፣ ያልታጨደ የገብስ ማሳ ዳር ድምፅ ለማዳመጥ ሞተራቸውን አጠፉ። ምንም አይሰማም። ወንዶቹ የመንገዱን ዳር ቦይ በባትሪ እያዩ ሄዱ። ዘሀራ ግን ወንድሟን ረሳች፣ ሰውን ረሳች።

«አክመል! አክመልዬ!»

ከገብሱ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

እጁ የፊጥኝ ታስሮ፣ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ጭቃ ውስጥ ተጋድሟል። ባጃጁ የለም፤ ሰዎቹም የሉም። ብርዱ ከንፈሩን አጥቁሮታል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ... ዘሀራ ያቺን ሃያ ደቂቃ አሰበችና አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ገፍፋ ግንባሩን አሰረችው። ጭንቅላቱን እቅፏ ውስጥ አደረገች። ወንድሟ ከላይዋ ባትሪ እያበራ ቆሟል።

«ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩን አትነኪም» አላት።

«እሺ።»

«እሱም ማታ አይነዳም።»

«እሺ።»

ሙራድ ጃኬቱን አውልቆ አክመል ላይ ጣለለት።

«ሲሻለው ሽማግሌ ይላክ በይው።»

ሦስተኛውን «እሺ» ማለት አልቻለችም፤ እዚያው ጭቃው ላይ ጮክ ብላ አለቀሰች።